የኮላ መጋጠሚያ ሲከፈት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ናትና አየሯ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ይመስለናል፤ ነገር ግን በክረምቱ ዝናብና በበጋው ድርቀት መካከል ያለው ልዩነት የዋንዛ ጠረጴዛን መጋጠሚያ፣ ማለትም ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን በኮላ የተያያዙበትን መስመር፣ ለመክፈት በቂ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ሳንቃ ፈጥኖ የሚደርቀው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ፣ መጋጠሚያውም አብዛኛውን ጊዜ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር በምትኖረው አክስቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የካቲት ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው፦ ጫፉ ላይ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት፣ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ እየቀጠነ የሚጠፋ። በባትሪ ሳየው በአንደኛው ሳንቃ ጠርዝ ላይ የደረቀው ኮላ ያብለጨልጫል፤ ከኮላው ጋር የተገነጠለ የእንጨት ጭረት ግን የለም። እንግዲህ የለቀቀው ኮላው እንጂ እንጨቱ አልተሰነጠቀም ማለት ነው።

አክስቴ «ልጄ፣ በሰጋቱራና በኮላ ድፈንልኝና ይብቃው» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በበጋ የተደፈነ ክፍተት፣ ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲሰፋ መሄጃ ያሳጣዋል፤ ድፍኑም ሽብልቅ ሆኖ ያልተከፈተውን መጋጠሚያ ጭምር ይፈለቅቃል። ከዚህም ሌላ፣ ነጩ የአናጢ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ በሚገባ አይዝም፤ ንጹሕ እንጨት ይፈልጋል።

ስለዚህ የጠረጴዛውን ፊት ከፍሬሙ አላቅቀን፣ መጋጠሚያውን እስከ መጨረሻው ከፈትንና ሁለቱንም ጠርዞች አሮጌው ኮላ እስኪጠፋ ድረስ በመላጊያ ላግናቸው። ሳንቃዎቹ ያለ ኮላ ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም፤ በሞርሳ (ሳንቃዎችን አጥብቆ በሚይዘው መሣሪያ) ጉልበት ብቻ የተዘጋ ክፍተት ውሎ አድሮ መከፈቱ አይቀርም። ከዚያ ኮላውን በስሱ ቀብተን በሞርሳ አጠበቅነው፤ በመስመሩ ሁሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ እኩል ሲወጣ ማጥበቁን አቆምን። ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይነካው አደረግን።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከሥር ያገኘሁት ነገር ነው። ፊቱ በፍሬሙ ላይ ዙሪያውን በምስማር ተቸንክሮ ስለነበር፣ እንጨቱ ልጥበብ ሲል ምስማሩ ይዞት በደካማው መስመር ተላቀቀ። አሁን ምስማሩን በብሎን ተክተን፣ የፍሬሙን ቀዳዳዎች በሳንቃው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ አድርገን ስላሰፋናቸው፣ ፊቱ ከወቅት ወደ ወቅት ጥቂት ሚሊሜትር ወዲህና ወዲያ ማለት ይችላል። ብሎኑም እስኪያንቅ ድረስ አልጠበቀም። አዲስ ጠረጴዛ የምታሠሩ ሁሉ ስለ ኮላው ዓይነት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ አናጢው ፊቱን ከፍሬሙ ጋር በምን እንደሚያስረው ጠይቁት።