ማሲንቆውን የት ጣለው?

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ባህር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ውጪ ዝናብ ይዟል፣ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

አንድ የኛ አገር ልጅ አለ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ከአዝማሪ ቤት የተወለደ። አዝማሪ ስል በክብር ነው የምለው። ስሙን አልጠራም፣ አላስፈቀድኩትማ። ይሄ ልጅ አልበም አወጣ፣ ራሱ፣ አሳታሚ የለ ስፖንሰር የለ፣ ዘጠኝ ዘፈን። ብሩ ከየት መጣ ብትሉኝ ከሰርግ ነው። የሁለት ዓመት የጥርና የሚያዝያ ሰርግ፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን ብር እያጠራቀመ ነው ስቱዲዮ የገባው። እስቲ አስቡት፣ በላብ የራሰ አስር ብር፣ ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር፣ እሱ ነው ቤዝ ጊታር የሆነው፣ እሱ ነው ሚክሲንግ የሆነው።

እና ቤዝና ኪቦርድ ስላስገባበት፣ በወጣ በሳምንቱ ሰዉ ምን አለ? «ማሲንቆውን የት ጣለው?»

ፀጉር ልቆረጥ ገብቼ ወረፋ እየጠበቅኩ ነው አልበሙ የተከፈተው። አንዱ «ልጁ ከተሜ ሆነ» አለ። ሌላው «ኪቦርድ ካማረው አዲስ አበባ አይሄድም ወይ» አለ። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ እንደተቀመጡ «የኔን ልጅ ሰርግ የዘፈነው ይሄ አይደለም» አሉ። ዘፍኖ ነበር እኮ፣ እሳቸው ራሳቸው ሸልመውታል። እና እኔም ተቀበልኩና «አበላሸው» አልኩ። ሦስት ዘፈን ብቻ ሰምቼ! ሁለት ዓመት የለፋበትን ነገር በሦስት ዘፈን አበላሸው ብዬ ፀጉሬን ተቆርጬ ወጣሁ። ይሄ ነገር እስካሁን ያመኛል፣ ዛሬ ማይክ ፊት ያስቀመጠኝም እሱ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አባቴ ሹፌር ነበር፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፣ ከቢቸና ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ። ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና ያስቀምጠኝ ነበር። ደጀን ምሳችንን በልተን አባይ በረሃን ስንወርድ በከባድ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ሙቀቱ ከስር ይመጣል፣ እና ታች ድልድዩን ተሻግረን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ ቴፑ ላይ ሁለት ካሴት ነው የሚፈራረቀው። አንዱ ማሲንቆ ነው። ሁለተኛው ኬኒ ሮጀርስ፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ! አባቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይሰማም። «ይሄ ፈረንጅ አገሩ ናፍቆታል» ይለኝ ነበር፣ በቃ ትርጉሙ ያ ነው ለሱ።

እኔም ካንትሪ የሚባለውን ሙዚቃ በዛ በር ገባሁበትና አልወጣሁም። በኋላ ሙዚቃ የሚያውቅ ጓደኛዬ በክራር ሲያሳየኝ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፣ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው አይደል፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ እና ካንትሪ የተወለደበት የአሜሪካ ተራራማ አገር፣ አፓላቺያን የሚሉት፣ የድሮ ዘፈኖቹ ብዙዎቹ በነዚሁ አምስት ድምፆች ነው የተሰሩት። የነሱ ፊድል፣ ያው ቫዮሊኑ፣ በደጋን ይገዘገዛል፣ የኛ ማሲንቆም በደጋን ይገዘገዛል። እነሱ ስለ እናት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ባቡር፣ ስለ መጠጥ ይዘፍናሉ፣ እኛም ጎጃም ውስጥ ከባቡሩ በቀር ሁሉም አለን። ስለዚህ አባቴ ኬኒ ሮጀርስን ሰምቶ አገሩ ናፍቆታል ማለቱ ጆሮው ትክክል ነበር።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ስተርጂል ሲምፕሰን ስለሚባል የካንትሪ ዘፋኝ ላወራችሁ ነው። ኬንታኪ የተወለደ፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ውስጥ ያገለገለ፣ ባቡር ድርጅት የሰራ ሰው ነው፣ ወደ ሙዚቃው በደንብ የገባው ትዳር ከያዘ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ያወጣውን ሁለተኛ አልበም በ4,000 ዶላር ገደማ ነው የሰራው፣ ራሱ ነው ያወጣው፣ እና የካንትሪ ወዳጆች «በቃ፣ የድሮው ካንትሪ ተመለሰ» ብለው አበዱ። እሺ፣ 2016 ላይ ትልቅ የሙዚቃ ካምፓኒ ውስጥ ገባና ለአራስ ልጁ እንደ ደብዳቤ አድርጎ የጻፈውን አልበም አወጣ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ያለበት። ትራምፔት በካንትሪ! ከፊሉ ሰው አኮረፈ፣ አልበሙ ግን በካንትሪ ዘርፍ ግራሚ የሚባለውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ። በ2017 ደግሞ የካንትሪ ሙዚቃ ማህበሩ ናሽቪል ላይ ሽልማቱን ሲሰጥ ይሄ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፣ ደጅ መንገድ ላይ ቆሞ ጊታር ይጫወት ነበር፣ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ግራሚውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ መንገደኛ የሚጥልለትን ብር ደግሞ ለሲቪል መብት ተከራካሪ ድርጅት እሰጣለሁ እያለ። ያንን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር አዝማሪ ነው የሚመጣብኝ፣ በቃ አዝማሪ ነው!

ከዛ የ2019 አልበሙ መጣ። ፊድል የለ፣ ባንጆ የለ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና ሲንተሳይዘር። ሰዉ ለሁለት ተሰነጠቀ። እውነቱን ልንገራችሁ እኔም አልወደድኩትም፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወደውም፣ አንዳንድ ዘፈን ላይ ድምፁ ራሱ ተቀብሯል። ግን በሚቀጥለው ዓመት ከትልቁ ካምፓኒ ወጥቶ በራሱ ሌብል፣ በራሱ ማሳተሚያ ማለት ነው፣ የድሮ ዘፈኖቹን በፊድል፣ በባንጆና በማንዶሊን እንደ አዲስ ተጫውቶ ሁለት አልበም አወጣ። የዛኔ ሰዉ «ይኸው ተመለሰልን» አለ። እኔ ግን ስሰማው የታየኝ ሌላ ነው። ከነዛ ዘፈኖች አንዳንዱ እኮ ትራምፔት ገባበት ተብሎ የተኮረፈበት ነው፣ ያው ግጥም ያው ዜማ። ዘፈኑ የትም አልሄደም ነበር፣ እኛ ነን ሳንሰማው ያለፍነው። በስሜ አምስት አልበም ብቻ ነው የማወጣው ብሎ ነበር፣ የድሮዎቹን የደገመባቸውን ሁለቱን ሳንቆጥር አምስተኛውን በ2021 አወጣና በ2024 በሌላ ስም፣ ጆኒ ብሉ ስካይስ ብሎ፣ በራሱ ሌብል መጣ። ስሙን ራሱ ጥሎ! ሰው ስሙን እስኪጥል ድረስ ምን ያህል «እንደ ድሮው ሁን» ቢባል ነው እላለሁ። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ እሱ እንዲህ አላለም።

ወደ አገራችን ልምጣ። በራስ አቅም ማሳተም ለኛም አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ነበር፣ እሱ ግን ገባበት፣ ያኔ ባይደፍር ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስላቸው ዘፈኖች ስንቶቹ በቀሩ ነበር። በኋላ በካሴት ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ አንድ ጊዜ ከፍሎ ይወስደዋል፣ ከዛ በኋላ ሰዉ የፈለገውን ያህል ቢሰማ ለዘፋኙ ሳንቲም የለውም። አሁን ደግሞ ፍላሽ አለ። የዚህ ልጅ አልበም ሳምንት ሳይሞላው መንገድ ዳር ፍላሽ ላይ እየተጫነ ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 410/1996፣ በኛው አቆጣጠር በ2007 ተሻሽሏል፣ ግን ፍላሽ ጫኙ ጋ ማን ይዞት ሄዷል። እና «ማሲንቆውን የት ጣለው» ከሚለው ሰው አብዛኛው ለልጁ አምስት ሳንቲም ሳይደርሰው ነው የሰማው። ይሄ ያናድደኛል በእውነት።

ግን ተቆጪው ሁሉ እንደዛ አይደለም፣ እሱንም ልናገር። እህቴ ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ ከሄደች ስድስት ዓመቷ። የዚህን ልጅ የመጀመሪያ ዘፈኖች፣ በስልክ የተቀዱትን፣ ከኋላ ዶሮ የሚጮህባቸውን፣ እሷ ናት መጀመሪያ የላከችልኝ። ማታ ሥራ ጨርሳ ጠባቧ ክፍሏ ገብታ እሱን ከፍታ ነው የምትተኛው። አዲሱን ላኩላትና «እንዴት ነው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ወንድምዓለም፣ እዚህ ሁሉም ነገር በየቀኑ ይቀየርብኛል፣ እዛ ያለው እንኳን አይቀየርብኝ» አለችኝ። ምን ትላታላችሁ? እኔ ምንም አላልኳትም። ቤዙ ጥሩ ነው፣ ሚክሲንጉ ጥሩ ነው፣ ይባላል እንዴ ለሷ? ለሷ ያ ዶሮ ነው ዘፈኑ። ዶሮው የለም አዲሱ ላይ።

ስለዚህ ይሄን ነገር ሳስበው አንድ ቦታ ይይዘኛል። እኔ የተወለድኩት ለዲማ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው፣ ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፣ ዋሸራ ብትሉ፣ ጎንጅ ብትሉ። አጎቴ ቅኔ ቤት አድሯል፣ ቆሎ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ እና ሁሌ የሚነግረኝ፣ ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ አይደገምም። የትላንቱን ይዘህ ብትመጣ መምህሩ ፊት አያቆምህም፣ አዲስ ዝረፍ ነው፣ ዛሬ የተፈጠረ። ዜማው ያው ነው፣ ልኩ ያው ነው፣ ነገሩ ግን አዲስ መሆን አለበት። እና እዚህ አገር አድገን፣ የቅኔ ተማሪውን አዲስ ካልሆነ አንሰማህም እያልን፣ ማሲንቆ የያዘውን ልጅ ደግሞ የአምናውን ድገም እንለዋለን። ለምን? አጎቴን ጠየቅኩት። «ቅኔው ለእግዜር ነው፣ ዘፈኑ ለኛ ነው፣ ለራሳችን ሲሆን እንሳሳለን» አለኝ። እስካሁን እያኘክኩት ነው ይሄን።

እሺ፣ አባቴ። ባለፈው ቢቸና ሄጄ አልበሙን ይዤለት ገባሁ። አሁን አርጅቷል፣ አይነዳም፣ አንድ ጆሮው ከሞተሩ የተነሳ ደክሟል። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስፒከሯን መሀላችን አደረግኳትና ከመጀመሪያው ከፈትኩለት። ቤዙ ሲገባ አንገቱን አቀና። «ሞተር አስገብቶበታል» አለ። አበላሸው ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ዳገት ሊወጣ ነዋ!» አለ። ሦስተኛው አለፈ፣ እኔ ያቆምኩበት፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ላይ ደረስን። ስድስተኛው ላይ፣ ወገኖቼ፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቤዙ የለ ኪቦርዱ የለ። መጀመሪያ የሚሰማችሁ ትንሽ ሽክ ሽክ የሚል ነገር ነው። ምን እንደሆነ አልገባኝም። አባቴ ነው የነገረኝ፣ «ዕጣን እያሸ ነው» አለኝ፣ የደጋኑን ጭራ እኮ ዕጣን ያሹታል ገመዷን እንዲይዝለት፣ ያን ነው ያልቆረጠው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ያቺን ድምፅ ትቷታል። ከዛ ትንፋሹ፣ ከዛ ማሲንቆው ብቻውን፣ ያቺ አንድ ገመድ፣ ቆዳው ላይ ስትንቀጠቀጥ እስኪታያችሁ ድረስ። ስለ እናቱ ነው። አምስት ዘፈን ሙሉ በመሳሪያ ተሞልቶ የቆየ ጆሮ ያቺን አንድ ገመድ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መናገር ያቅተኛል። ብቻዋን ከመጀመሪያው ቢያመጣት እንደዛ አትሆንም ነበር። ለዛ ነው የደበቃት። አባቴ «መልሳት» አለኝ፣ መለስኳት፣ «መልሳት» አለኝ። እኔ ግን ያቺ ፀጉር ቤት ነው የመጣችብኝ።

ለእህቴ ስድስተኛውን ብቻዋን ላኩላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ይሁን፣ ጊዜዋን ትውሰድ።

ቅዳሜ ማታ ልጁ የሚጫወትበት ቤት ሄድኩ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እዛ ሰሚ ዝም ብሎ ሰሚ አይደለም፣ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ፣ እሱ በዜማ ይቀበልሃል፣ ቢከፋህ በግጥም ነው፣ ቢያስደስትህ በግጥም ነው፣ ፊቱ ላይ ቆመህ። ከኋላው አይታማም። እና ወደኔ ሲዞር ልቤ እየመታ «ተቀበል!» አልኩ።

አሮጌውን ባልኩህ አዲሱን ሰጠኸኝ፣
ችኩል ጆሮ ይዤ እያደር ገባኸኝ።

የመጀመሪያውን ተቀበለ። ሁለተኛው ላይ ደጋኑን አቆመና ጠጋ ብሎ አየኝ። «የኋለኛዋን ድገምልኝ» አለኝ።