የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ሳይፈታ ስጡት»

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን የተጨናነቀው በአሮጌ ኮምፒውተርና በተበላሸ የቤት ዕቃ ጥያቄዎች ነበር። እንግዳችን ለረጅም ዓመታት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያስተማሩ፣ አሁን ደግሞ አሮጌ ዕቃ እየፈቱ ብረቱን ከፕላስቲክ የሚለዩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ከኮተቤ)፦ ላፕቶፔን ልሸጠው ነው። የባንክ ሰነድና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ስለነበረበት ፎርማት አድርጌዋለሁ። ጠፍቷል አይደል?

መልስ፦ አልጠፋም። ሁላችሁም የምትመርጡት ፈጣኑ ፎርማት ከዕድር መዝገብ ላይ ስም እንደ መሰረዝ ነው፤ ሰውየው ግን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ትንሽ የሚሞክር ጎረምሳ በአንድ ከሰዓት ፎቶግራፎችሽን መልሶ ያወጣቸዋል። መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ሙሉውን በባዶ መረጃ የሚሸፍን ፕሮግራም አንድ ጊዜ ማስኬድ ይበቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ግን አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም አለብሽ። ይህ ካስቸገረሽ ዲስኩን አስወጪና ከልደት ሰርተፊኬትሽ ጋር ቆልፊበት። እኔ ዘወትር «ሳይፈታ ስጡት»፣ ማለትም አሮጌውን ዕቃ ሳትበታትኑ እንዳለ ለሚወስደው ስጡት የምል ሰው ነኝ፤ ከኮምፒውተር ከሕጌ የሚወጣው ዲስኩ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ አንድ መሳቢያ ሙሉ አሮጌ ቻርጀር አለኝ። ቤት ውስጥ መቀመጡ መርዝ አለው?

መልስ፦ የለውም። መሳቢያህን ግን አጣቦብሃል፤ የሚሠራውን ለሚፈልግ ስጥ፣ የማይሠራውን ሰብስበህ ሳይፈታ ስጥ።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ ተማሪ)፦ የስልኬ ባትሪ አብጦ ጀርባውን ገፍቶታል። ጓደኛዬ በመርፌ ብትበሳው ይተነፍሳል ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ ጓደኛህ በየሳምንቱ ነው የሚደውልልኝ! አትብሳው፣ አትጫነው፣ ቻርጅም አታድርገው። ያሳበጠው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው። መርፌው ውስጥ ያሉትን ስስ ንጣፎች ካገናኛቸው እጅህ ላይ ይነድዳል፤ ጭሱም ሳንባ ያቃጥላል። ስልኩን አጥፋው፣ ደረቅ አሸዋ ያለበት የብረት ጣሳ ውስጥ አድርገህ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቀው። የአዳማ ፀሐይም አያግኘው። ከዚያ ባትሪ የሚቀይር ባለሙያ ዘንድ ውሰደው። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ በአሲድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች በቪዲዮ አይቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወርቁ እውነት ነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር አንድ ግራም እንኳን አይሞላም እንጂ። ቪዲዮው የማያሳይህ ከናይትሪክ አሲዱ የሚነሣውን ቡናማ ጋዝ ነው። ቀን ትንሽ ያስልሃል፣ ደኅና ነኝ ብለህ ትተኛለህ፤ ሌሊት ሳንባህ ውኃ ይሞላል። አትሞክረው።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ የሁለት ልጆች እናት)፦ ልጆቼ አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ እየሰበሰቡ ጓሮ ያቃጥሉና መዳቡን ለቆራሌው ይሸጣሉ። ደብተር የሚገዙት በዚያ ነው። ጭሱ ይጎዳል ወይስ መጥፎው ሽታው ብቻ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደወልሽ። ሌላው ሰው ይታገሠኝ፤ እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፣ በአንቺ ግን አይደለም።

እሳቱን ቆመሽ አይተሽዋል? ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ልጆች ደስ ስለሚላቸው ከብበው ያዩታል። ያ አረንጓዴ የሚመጣው በገመዱ ልባስ ውስጥ ያለው ክሎሪን እሳት ውስጥ ከመዳቡ ጋር ሲገናኝ ነው። የኬሚስትሪ ሰዎች ክሎሪን መኖሩን የሚፈትኑትም በዚሁ ዘዴ ነው። ፕላስቲኩ እየጨሰ ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወለዳል፤ መዳቡ ደግሞ አዋላጅ ሆኖ ያፋጥነዋል። ዳዮክሲን ካንሰር ያመጣል። አዋቂ ሰው ውስጥ ከገባ ግማሹ እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ሽታው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አፍንጫችሁን ያዙ ብዬ አልፍ ነበር።

በዚያ ላይ በብዙ የድሮ ገመዶች ልባስ ውስጥ እርሳስ አለ፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ የልጅን አእምሮ ነው። ደብተሩን ለመግዛት ብለው በደብተሩ የሚማሩበትን ጭንቅላት እየሸጡ ነው።

ዶሮ አለሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ አሉኝ ብለሻል። አመዱ ጓሮ ይቀራል፣ ዶሮዋ ትጭረዋለች፣ መርዙ ስብ ስለሚወድ አስኳሉ ውስጥ ይገባል። ጋና፣ አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ በሚባለው ሰፈር ለዓመታት ገመድ ሲቃጠል ኖሯል። እዚያ የተለቀመ የዶሮ እንቁላል ሲመረመር የተገኘው ዳዮክሲን ከልክ እጅግ ያለፈ ነበር።

ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አስቀሪያቸው አልልሽም። የተቃጠለ መዳብ ጠቁሮና ተሰባሪ ሆኖ ስለሚወጣ ገዢው ዋጋ ይቀንስበታል። ገመዱ በቁመቱ በቢላዋ ተሰንጥቆ ሲላጥ ግን መዳቡ እያብረቀረቀ ይወጣል፣ የተሻለም ይሸጣል። ወፍራሙን አዋቂ ሰው ይላጠው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ሳይላጥ፣ ሳይፈታ፣ እንዳለ ስጡት። እሳት አይንካው። ማታ ቢሆን፣ ከቤት ቢርቅ፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ እሳት አይንካው!

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከኋላው ሆድ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን አለኝ። ቆራሌው የውስጡን መዳብ ብቻ ልውሰድ፣ መስተዋቱን ልተውልህ ይላል።

መልስ፦ አይስማሙ ጋሼ። መስተዋቱ ውስጥ ብዙ እርሳስ አለ፤ በትልቁ ቴሌቪዥን ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር ነው። ሲሰበር ቦርከና ወንዝ ዳር ተጥሎ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ደግሞም ውስጡ አየር የለውም፤ በመዶሻ ሲመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስባሪው ፊት ላይ ይረጫል። ከሶኬት ተነቅሎ የቆየውም ቢሆን ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፣ ጣትዎን አያስገቡበት። ሙሉውን ከወሰደ ይውሰድ፤ ካልሆነ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ማንንም አልጎዳም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ መምህር)፦ በገጠር ትምህርት ቤቶች ያለቀ የድንጋይ ባትሪ ተፈጭቶ ሰሌዳ ይጠቆርበታል። ችግር አለው?

መልስ፦ መምህር፣ እኔም ልጅ ሆኜ ባትሪ በድንጋይ ሰብሬ፣ ጥቁሩን ዱቄት ከቅጠል ጋር አሽቼ ሰሌዳ ቀብቻለሁ። እጄ ለሁለት ቀን አይለቅም ነበር፣ እናቴም ትቆጣኝ ነበር፤ እናቴ ትክክል ነበረች። ዱቄቱ ማንጋኒዝ ነው፤ ብናኙ በየጊዜው ወደ ሳንባ ከገባ ነርቭ ይጎዳል። የድሮዎቹ ባትሪዎች ሜርኩሪም ነበረባቸው። የከሰል ዱቄት ይጠቀሙ፣ ቀለም መግዣ ከተገኘም ቀለም። ሰባሪዎቹ ልጆች መሆናቸው ነው የሚያሳስበኝ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የማይሠራ ፍሪጅ ልጥል ነው። ጋዙን ለማስወጣት ቧንቧውን ልቁረጠው?

መልስ፦ አይቁረጡት። የአንዳንዱ ፍሪጅ ጋዝ ይቀጣጠላል፣ የአንዳንዱ ኦዞንን ይጎዳል። የፍሪጅ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ከመሥሪያ ቤቴ 20 አሮጌ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውኛል። ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ልላካቸው?

መልስ፦ የሚሠሩ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥህ። «ሳይሠሩ አይቀሩም» ከሆነ እዚያው ይቅሩ። እያንዳንዱን አብርተህ ሞክር፣ ቻርጀሩን አብረህ አስቀምጥ። ሕጉም አለ፦ ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ድንበር መሻገር የለበትም። አሜሪካ ደግሞ አባል አይደለችም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፤ በምርቃት ገብቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ፣ መጣያ ያጣ ስንት ስጦታ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሳይፈታ ስጡት ይላሉ። ለማን?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ አቃቂ ላይም የኮምፒውተር ማደሻና መፍቻ ማዕከል ተቋቁሟል። መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዕቃ ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ያለውን የሚወስደው ግን ቆራሌው ነው፤ አትናቁት። ከጣሳ ምድጃ፣ ከጎማ ጫማ የሚያወጡት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሰዎች ይህን ሥራ የጀመሩት እኛ ስም ሳናወጣለት ነው። እኔ የምለምነው ደጃችሁ ላይ እንዳይሰባብር፣ እንዳያቃጥል ንገሩት፤ ሙሉውን ከወሰደ ዋጋ ቀንሱለት።

ጥያቄ (የሰበታዋ እናት መልሰው ደውለዋል)፦ ዛሬ የተለቀመውን እንቁላል ምን ላድርገው? ትንሹ ልጄም ደጋግሞ ያስለዋል።

መልስ፦ እንቁላሉን አትብሉት፣ ለገበያም አትውሰጂው። ዶሮዎቹን ከዚያ ጓሮ አውጪ፤ አመዱን ልጆች አይንኩት፣ አንቺም ሳታረጥቢው አትጥረጊው። የልጅሽን ሳል እኔ በስልክ አላክምም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ገመድ ሲያቃጥል መክረሙን ለሐኪሙ ንገሪው፣ የእርሳስ ምርመራ የት እንደሚገኝም ጠይቂው።