መልማይ የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው፦ ስለ ጄኔራል ማክስዌል ተርማን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ዩኒፎርም ለብሳችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፣ አገልግሎታችሁን ጨርሳችሁ የተመለሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

«መልማዩ ልጄን አታሎ አስፈረመብኝ» የሚለውን ሮሮ ሁላችንም በየቡናው ላይ ሰምተናል። ወቀሳው የሚያርፈው በገበያ ማዕከሉ በር ላይ ቆሞ ወረቀት በሚያድለው ሳጅን ላይ ነው። ሳጅኑ ድርሻውን ይውሰድ። ትልቁ ድርሻ ግን የወር ኮታውን ቆርጦ የሰጠው የበላይ ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቀውም። በአሜሪካ ሰራዊት የምልመላ እዝ አዛዥ የነበሩትን የጄኔራል ማክስዌል ተርማንን የስራ ዘመን ለዛሬ የመረጥነው ይህንኑ በተግባር ስላሳዩ ነው።

ተርማን በፈረንጆቹ አቆጣጠር (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) በ1931 በሰሜን ካሮላይና፣ ሃይ ፖይንት ከተማ ተወለዱ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምረው በ1953 መኮንን ሆኑ፤ መድፈኛ ነበሩ። ቬትናም ሁለት ጊዜ ዘምተዋል፤ በሁለተኛው የመድፍ ሻለቃ አዝዘዋል። ትዳር አልያዙም፤ ቀንና ሌሊት ስራ ነበሩ። ባልደረቦቻቸው «ማድ ማክስ» ይሏቸው ነበር። ወደ ምልመላው ከመምጣታቸው በፊት በፔንታጎን የሰራዊቱን ፕሮግራምና በጀት በቁጥር የሚመረምረውን ክፍል መርተዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በ1979 መጨረሻ የምልመላ እዙን ሲረከቡ ቤቱ ፈርሶ ነበር። የግዴታ ውትድርና በ1973 ቀርቷል። የቀድሞው የትምህርት ድጎማ ከ1976 ማብቂያ በኋላ ለሚገቡት ተቋርጧል። ደመወዙ በኑሮ ውድነት ተበልቷል። ሰራዊቱ በዚያ ዓመት ከኮታው ከ15 ሺህ ሰው በላይ ጎድሎበታል። ከዚያም የባሰ ነበር፤ የመግቢያ ፈተናው ራሱ ተሳስቶ ነበር። በ1976 የወጣው አዲስ ፈተና የውጤት መለኪያው በትክክል ስላልተስተካከለ ዝቅተኛ ያመጡ ብዙዎችን መካከለኛ አድርጎ ያሳይ ነበር። ስህተቱ ሲታረም በ1980 ከገቡት ግማሽ ያህሉ ተቀባይነት ካላቸው እርከኖች በመጨረሻው ላይ ተገኙ። በዚያው ዓመት ከገቡት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የነበራቸው 54 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያኔ መልማይ የሚጠየቀው «ስንት ሰው አመጣህ?» ተብሎ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለት ሰው የጎደለው ሳጅን ምን ያደርጋል? የፈተናውን መልስ ሹክ ይላል። የልጁን የፖሊስ መዝገብ አላየሁም ይላል። አስም ያለበትን «ሐኪሙ ሲጠይቅህ የለብኝም በል» ይለዋል። ይህ ሁሉ ተፈጽሟል፤ በምርመራም ወጥቷል።

ተርማን ሳጅኖቹን በማባረር ብቻ አላቆሙም። የሚቆጠረውን ነገር ለወጡ። ዲፕሎማ የሌለው ምልምል የመጀመሪያ ውሉን ሳይጨርስ የመውጣት ዕድሉ ዲፕሎማ ካለው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ አንዱ በወጣ ቁጥር ሌላ መመልመል፣ ሌላ ማልበስ፣ ሌላ ማሰልጠን ይመጣል። ርካሽ የመሰለው ሰው ውድ ሆኖ ይገኛል። በቁጥር ሲያስቡ የኖሩት ሰው ይህን ለኮንግሬስ በዶላር አስረዱ።

ከዚያ የመልማዩ የወር ወረቀት ተቀየረ፤ «ሚሽን ቦክስ» ይባላል። ወረቀቱ በሳጥን ሳጥን የተከፈለ ነው። አንዱ ሳጥን ዲፕሎማ ይዞ በፈተናው 50ና ከዚያ በላይ ላመጣ ነው። አንዱ ዘንድሮ ለሚመረቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንዱ ከ50 በታች ላመጣ ነው፤ እሱም ገደብ አለው። የአንዱ ሳጥን ትርፍ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። አምስት ደካማ ያመጣ መልማይ አንድ ጎበዝ ከጎደለው ወሩን አላሟላም። የፈረመው ልጅ ወደ ስልጠና ሳይሄድ ከቀረ ደግሞ ከመልማዩ ሂሳብ ተቀንሶ ምትክ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ያልሆነ ነገር ተስፋ ሰጥቶ ማስፈረም ለራሱ ለመልማዩም ኪሳራ ሆነ።

ሌላው ኮሌጅ ነበር። ወደ ኮሌጅ የሚያስበውን ወጣት «ኮሌጅህን ተው» ማለት እንደማያዋጣ ገባቸው። የትምህርት ገንዘቡ ዲፕሎማ ላለው፣ 50 ለደፈነና ሰራዊቱ ሰው የቸገረውን ሙያ ለመረጠ ብቻ እንዲሆን ተሟገቱ፤ በተመረጡ አካባቢዎች ተሞክሮ በ1982 የሰራዊቱ ኮሌጅ ፈንድ ሆነ። «መሆን የምትችለውን ሁሉ ሁን» የሚለው ማስታወቂያም የሳቸው ዘመን ስራ ነው፤ እስከ 2001 ዘልቋል፣ በ2023 ደግሞ ተመልሷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘፈኑን ነው። ሰራዊቱን ያዳነው ግን ያ የሳጥን ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ የሰራዊቱ ምክትል ኢታማዦር ሹም ሆኑ፤ በ1989 መጨረሻ አሜሪካ በፓናማ ላይ ያካሄደችውን ዘመቻ መሩ፤ በደም ካንሰር ታመው በ1995 አረፉ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በ2009 ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ግሪን ካርድ የሌላቸው ግን በህጋዊ መንገድ እዚህ ያሉ፣ ሰራዊቱ የሚፈልገውን ቋንቋ የሚናገሩ ወጣቶች እንዲገቡ ነበር። አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። የተባለው ግልጽ ነው፦ ቋንቋህን ስጠን፣ ዜግነት በፍጥነት ታገኛለህ። በ2016 ግን ተጨማሪ የደህንነት ማጣሪያ መጣና ሁሉም ቆመ። የፈረሙ ልጆች ወራት ሲሉ ዓመታት ጠበቁ። ሲጠብቁ ቪዛቸው አለቀ። አንዳንዶቹ ስልጠናውን ሳያዩ ተሰናበቱ። እነዚህ ልጆች ፈተናውን አልፈው፣ እጃቸውን አንስተው የማሉ ናቸው! ማጣራት ይገባል፤ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ለማጣራት አቅም ሳታዘጋጅ ሰውን አስምለህ በር ላይ ማቆም ግፍ ነው። ልጆቻችን የማንም ወር መዝጊያ ቁጥር አይደሉም! ደማቸውን ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ናቸው!

ስለዚህ ወላጆች፣ ውሉን እወቁት። ዲዲ ፎርም 4 ይባላል። «በዚህ ክፍልና በአባሪዎቹ ካለው በስተቀር ማንም የገባልኝ ቃል ዋጋ የለውም፣ አይፈጸምም» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል፤ ልጃችሁ ከስሩ የስሙን መነሻ ፊደላት ያኖራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ፎርም ያዩ ይመስላል። ሙያው፣ ቦነሱ፣ የኮሌጁ ገንዘብ አባሪው ላይ ከሌለ የለም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ህጉ ያለ ማስታወቂያ ሊለወጥ እንደሚችል ይናገራል። ጠቅላላ ግዴታው 8 ዓመት ነው፤ በመደበኛ አገልግሎት ያላለፈው ጊዜ በተጠባባቂነት ይቆጠራል። ወደ ስልጠና ከመሄዱ በፊት ሐሳቡን የቀየረ ልጅ በጽሑፍ ጠይቆ መውጣት ይችላል፤ «እስር ቤት ትገባለህ» የሚለውን መልማይ አትመኑ።

ስለ ፈተናው አንድ ነገር ብቻ። የብቃት ውጤቱ የሚሰላው ከሂሳብና ከእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በእጥፍ ይያዛል። በሂሳብ የሚያንበለብል ልጃችን በቃላት ትርጉም 50ን የሚስተው ለዚህ ነው። የወደቀ ከአንድ ወር በኋላ ይደግማል፣ ከሌላ ወር በኋላ እንደገና፤ ከዚያ ወዲያ ግን 6 ወር መጠበቅ ነው። ሳይዘጋጅ አይቀመጥ።

በመውጫው በር ጠረጴዛ ላይ የውሉ ባዶ ቅጂ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ተቀምጧል። ያ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ቃል በቀይ ተሰምሮበታል። ለየቤታችሁ አንዳንድ ውሰዱ፤ ልጁ መልማዩ ቢሮ ከመሄዱ በፊት አብራችሁ አንብቡት። አመሰግናለሁ።