ሕንፃው ሳይለካ ፓኔል አይቆረጥ፦ ለአሉሚኒየም ሥራ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ውድ ተመራቂዎችና ወላጆች፤

አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን ዕድገት እንድናገር አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ስለ ዕድገቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ቀና ለሚል ሰው የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ። በዘልማድ «አሉኮቦንድ» የምንለው፣ የሕንፃ ፊት የሚለብሰው የአሉሚኒየም ፓኔል ያልደረሰበት ዋና መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልማጸናችሁ ነው፤ ሕንፃውን ሳትለኩ ፓኔል አትቁረጡ።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን የት ላይ እንደሚለካ የነገረን የለም። ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ የለካ ሰው አንድ ጊዜም አልለካም።

ከ12 ዓመት በፊት የአንድ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃን የፊት ገጽ የማልበስ ሥራ በእኔ ኃላፊነት ነበር። ከአሠልጣኞቻችሁ መካከል ሁለቱ ያኔ ረዳቶቼ ስለነበሩ ብዋሽ ያርሙኛል። በሥዕሉ ላይ ከዓምድ እስከ ዓምድ ያለው ርቀት 5 ሜትር ከ90 ነው። ሌሊቱን ተቀምጬ አሰላሁ፤ ርቀቱ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፓኔል 1180 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ለመጋጠሚያው ክፍተት 12 ሲቀነስ ፊቱ 1168 ይሆናል፤ በግራና በቀኝ ለሚታጠፈው ከንፈር 25፣ 25 ሲጨመርበት 1218 ይመጣል። የሉሁ ወርድ ደግሞ 1220 ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚተርፍበት አቆራረጥ! ጠዋት ለባለቤቱ ብጣሽ እንኳ እንደማይወድቅ በኩራት ነገርኩትና በሦስት ቀን ውስጥ 64 ሉህ አስቆረጥኩ።

መስቀል የጀመርነው ከታች ነው። አንደኛው ፎቅ ልክክ ብሎ ገባ። አራተኛው ላይ ስንደርስ የዓምዶቹ ርቀት 5 ሜትር ከ87 ሆኖ ተገኘ፤ ሰባተኛው ላይ 5 ሜትር ከ93። ቱንቢ ስንጥል የሕንፃው ጥግ ከላይ እስከ ታች 35 ሚሊ ሜትር ዘሟል። ክፍተቱ አንዱ ፎቅ ላይ 6፣ ሌላው ላይ 18 ሚሊ ሜትር ሆነና ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት መስመር ከመንገድ ማዶ ለሚያየው እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ለሰፋው ቦታ ሰፋ ያለ ፓኔል ልቁረጥ ብል ከየት ይምጣ? የተረፈኝ እኮ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። ይባስ ብሎ እኔ ዕቃ ልገዛ በሄድኩበት፣ ልጆቹ አልገባ ያላቸውን ፓኔል እዚያው መወጣጫው ላይ በግራይንደር ቆረጡት። ቀለሙ ተላጠ፤ ዲስኩ ያጋለው የፓኔሉ የውስጥ ፕላስቲክ ቀልጦ ዳር ዳሩ ላይ ተንጠባጠበ። ልጆቹን ጮኬ ተቆጣኋቸው፤ በእውነቱ ቁጣው የሚገባው ለእኔ ነበር። ኮንክሪት የሚሞላ ሰው በሚሊ ሜትር እንደማያስብ እያወቅሁ ሥዕሉን አምኛለሁ። 26 ሉህ ተጣለ። በዚያ ሕንፃ ሥር ሳልፍ እስከ ዛሬ ቀና አልልም።

የኋላ ኋላ የተማርነው ሥርዓት ቀላል ነው። መጀመሪያ ፓኔሉን የሚሸከመው የአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ብረት) ፍሬም በቱንቢና በክር ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በሜትር ተለክቶ ቁጥሩ ፍሬሙ ላይና በፓኔሉ ጀርባ ይጻፋል፤ የሕንፃውን ጥፋት የሚሸከሙት የጥግ ፓኔሎች ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቆረጣሉ። ታዲያ ይህን እንዳንሠራ ማን ይከለክለናል? ለመስቀል ሁለት ወር የሚፈቅድ፣ ለመለካት ግን ሁለት ቀን የሚነፍግ ተቋራጭ ነው! ፍሬሙ ሳይታሰር «ፓኔሉ ለምን አልተቆረጠም?» ብሎ የሚጮኽ፣ ለመቁረጫ የሚሆን ደልዳላ ጠረጴዛና ጥላ ጠይቀነው አሸዋ ክምር ላይ እንድንቆርጥ የሚያዝ፣ ኋላ ላይ ፓኔሉ ሲያብጥ ግን ክፍያችንን የሚይዝ እርሱ ነው። ተመራቂዎች፣ ጠረጴዛችሁን ጠይቁ! ሜትር ይዛችሁ ፎቅ ለመውጣት የምትፈልጉትን ቀን አስፈቅዱ! እምቢ ያለ ተቋራጭ መቁረጫውን ራሱ ይያዝ!

ፓኔሉ የሚያብጠው በከንቱ አይደለም። በ100 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት እያንዳንዱ ሜትር 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። በንጋት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል የ60 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ ርዝመቱ 2440 የሆነው ሉህ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። ያ ቦታ በአቆራረጣችን ካልተተወለት ሆዱን ይነፋል።

ፓኔሉ እንዲታጠፍ በጀርባው ስለሚቆፈረው ቦይም አንድ ቃል ልበል። 4 ሚሊ ሜትሩ ፓኔል ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ቆዳዎችና በመካከላቸው ያለ 3 ሚሊ ሜትር ሙሊት ነው። ቦዩን የሚቆፍረው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ ከፊተኛው ቆዳ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሙሊት ማስቀረት አለበት፤ በድምሩ 0.8 መሆኑ ነው። እስከ ቆዳው የደረሰ ቦይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በፓኔሉ ፊት መሸፈኛ ፕላስቲክ ላይ የታተመውን ቀስት በአንድ አቅጣጫ ጠብቁ፤ የብረት ቀለም ያለው ፓኔል ከተገለበጠ ሌላ ቀለም ይመስላል። ፕላስቲኩንም ፀሐይ ሳያጣብቀው ላጡት።

አንድ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞተዋል፤ እሳቱን ወደ ላይ ያዛመተው በዋናነት ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ሙሊት ያለው የውጭ ፓኔል ነበር። እንደ ሣጥን የታጠፈው ዓይነት በሪቬት ጠፍጣፋውን ከሚታሰረው ይልቅ በእሳት ፍተሻ የባሰ ውጤት ማሳየቱም ታውቋል። ማጠፍ ያስተማርናችሁ እኛ ስለሆንን ይህን ልንነግራችሁም ይገባናል። ለረጅም ሕንፃ ሉህ ስትረከቡ፣ የመጀመሪያውን ከመቁረጣችሁ በፊት የሙሊቱን ዓይነት የሚገልጽ የፍተሻ ወረቀት ጠይቁ።

ከመድረኩ ግርጌ ሁለት የታጠፉ ጥጎች አስቀምጫለሁ፤ አንደኛው 0.8 የቀረለት ነው፤ ሌላው እስከ ቆዳው የተቆረጠ። የምስክር ወረቀታችሁን ተቀብላችሁ ስትመለሱ ጣታችሁን በሁለቱም ጠርዝ ላይ አሳልፉ። አመሰግናለሁ።