ብቻውን የማይታመን መሐንዲስ፦ ለሶፍትዌር ምህንድስና ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች፤

አሜሪካ ውስጥ በትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የመሐንዲስ ሥራ ምን እንደሚመስል እንድነግራችሁ ተጋብዣለሁ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ነፃ ምሳውና ስለ ሕንፃው ማማር ነው። ምሳው እውነት ነው፤ እሱን በዚሁ ልለፈው። እኔ የምናገረው ስለ ሥራው ጠባይ ነው፤ ይኸውም ማንም ሰው፣ አንደኛ የሚባለው ጎበዝ እንኳ ሳይቀር፣ ብቻውን የማይታመንበት ሥራ መሆኑን ነው።

ተማሪ ሳለን ጉብዝናችን የሚለካው ጥያቄውን ለብቻችን ተቀምጠን በመፍታት ነበር። እዚያ ግን መሐንዲሱ ኮድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ምን ለመሥራት እንዳሰበ፣ የትኞቹን አማራጮች ለምን እንደተወ፣ ነገሩ ቢበላሽ ደግሞ እንዴት ወደነበረበት እንደሚመለስ የሚያስረዳ ሰነድ አዘጋጅቶ ለባልደረቦቹ ትችት ያቀርባል። አማዞን ውስጥ ስብሰባ የሚጀመረው እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ ሁሉም በዝምታ አንብቦ ነው። ከድርሰት ለመሸሽ ብሎ ወደ ምህንድስና የገባ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ አዝንለታለሁ።

ኮዱ ከተጻፈ በኋላም ነገሩ አላለቀም። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ የኩባንያው አብዛኛው ኮድ በአንድ የጋራ ማከማቻ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ መስመር ነበረው። ከዚያ ውስጥ አንዲቷን መስመር ለመለወጥ የሌላ ሰው ይሁንታ ያስፈልጋል፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው መሐንዲስ ሥራውን የሚያይለት አምና የተመረቀ ልጅ ሊሆን ይችላል። አንቱ ብለን ላደግንባቸው ሰዎች «ይህ አያስኬድም» ብሎ ጽፎ መመለስ ቀላል አይደለም። ከእኛ አገር የሄደ ወጣት ከአልጎሪዝም ይልቅ በዚህ እንደሚፈተን አምናለሁ።

ዝም ማለቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የመመዝገቢያ ቅጽ የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አላሳልፍም እንዲል ተደርጎ ተሠራ እንበል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ቢሆን፣ «ሁለተኛው ስሜ የአባቴ ነው፤ በእሱ ብቻ ስትጠሩኝ የምትጠሩት አባቴን ነው» ብሎ ሊጽፍ የሚችለው እሱ ነው። ይህን አስተያየት ይሉኝታ ካስቀረው፣ ስህተቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ስልክ ላይ ይደርሳል።

አለመታመኑ ከጥርጣሬ የመጣ አይደለም፤ ማንም ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ነው። የካቲት መጨረሻ 2017 እ.ኤ.አ. አንድ የአማዞን ሠራተኛ የኩባንያው የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት የሒሳብ መጠየቂያ ሲስተም የተንቀረፈፈበትን ምክንያት ሲመረምር፣ ጥቂት ሰርቨሮችን፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚያስኬዱ ኮምፒውተሮችን፣ ከሥራ ለማውጣት የሰጠው ትእዛዝ በአጻጻፍ ስህተት ምክንያት ከታሰበው እጅግ የበዙትን አወጣ። በዚያ የማከማቻ አገልግሎት ላይ የቆሙ ብዙ ድረ ገጾች ከአራት ሰዓት በላይ ተቋረጡ፤ የአገልግሎቶቹን ጤንነት ለደንበኞች የሚያሳየው የኩባንያው ገጽ ራሱ በዚያው ማከማቻ ላይ የተመሠረተ ስለነበር የተበላሸውን ደህና ነው ሲል ቆየ። ኩባንያው በኋላ ያወጣው መግለጫ የሠራተኛውን ስም አይጠቅስም። የሚናገረው ስለ መሣሪያው ነው፦ ከዚያ ወዲያ ሰርቨር የሚያወጣው ቀስ እያለ እንዲሆንና ከዝቅተኛው መጠን በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ተስተካክሏል። እኛ ዘንድ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነው ያደረገው?» ይመስለኛል።

የሌሊት ተረኝነትም አለ። አንድ አገልግሎት 99.9 በመቶ ይሠራል ከተባለ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሊቋረጥ የሚፈቀድለት ለ43 ደቂቃ ያህል ነው፤ ተረኛው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን እስኪከፍት ያለው ጊዜም ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ጉዳቱንም አልደብቅም። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ወራት የተለፋበት ፕሮጀክት በአንድ ስብሰባ ሊሰረዝ ይችላል። የኩባንያው ትልቅነትም ዋስትና አይደለም፤ ጉግል በጥር 2023 እ.ኤ.አ. 12,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታውቋል።

ይህን ሥራ ለማየት ግን ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የጉግል ክሮም የድረ ገጽ ማሰሻ የተመሠረተበት የክሮሚየም ኮድ ክፍት ስለሆነ፣ መሐንዲሶቹ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲተቹ የሚጻጻፉት ለማንም የሚታይ ነው። የሦስት መስመር ለውጥ ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደጸደቀ፣ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ አንብቡ። ከዚያም አንድ ትንሽ ጉድለት አግኝታችሁ አርማችሁ ላኩ፤ ገምጋሚው የእናንተንም ኮድ የሚያየው የባልደረባውን በሚያይበት ዓይን ነው። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።