ዘሩ ነው የማይሞተው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከድሬ ነኝ። አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብዬ ነው ድምፄን የምቀዳው። አጠገቤ ባዶ የውሃ በርሜል አለ።

ትናንት ውሃ ልቀዳ ክዳኑን ሳነሳ ውስጡ ትሎች አየሁ። እንደ ስንጥር ቀጫጭን ናቸው፤ ውሃው ላይ ጋደም ብለዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ጠለቁ። የሌሎቹ የቢምቢ ዓይነቶች ትል ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። እንዲህ የሚጋደመው የወባዋ ነው። ድንግጥ አልኩ።

በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወቅት ድሬን ወባ እንዴት እንዳመሳት ታስታውሳላችሁ። እህቴም ያኔ ተኝታ ነበር። ተመራማሪዎች ያገኟት ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። መነሻዋ ደቡብ እስያ ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

እናቴ የትንኝ መድኃኒቱን ነፍታ ነፍታ ሲሰለቻት፣ «ይሄማ ዘሩ ነው የማይሞተው» አለች። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

እውነት አላት። የአንዳንዷ ትንኝ ሰውነት መርዙን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን በብዛት ያመርታል። ፒ450 ይባላሉ። ይህን አቅም ለልጆቿ ታወርሳለች። እኛ ያንኑ መድኃኒት ስንደጋግም ደካሞቹ ያልቃሉ፣ የተረፉት ይዋለዳሉ። እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያግድ ፒቢኦ የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት አጎበር የተሠራውም ለዚህ ነው።

ግን ሁሉም ነገር ዘር አይደለም። የነፍሳት ሰውነት የሙቀት ተገዢ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ጉልበት የሚያቃጥሉበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። የአንዲት እናት ትሎች ግማሾቹን ሐረር፣ ግማሾቹን እዚህ ብናሳድግ የድሬዎቹ ቶሎ ይደርሳሉ። ዘራቸው አንድ ነው፤ ያደጉበት ግን ተለያየ።

ታዲያ ነፍሳት ጉልበት በሚያቃጥሉበት ፍጥነት ላይ የውርሱን ድርሻ ተመራማሪዎች በምን ይለዩታል? ነፍሳቱን አንድ በአንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ዘግተው፣ ጉልበት ሲያቃጥሉ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካሉ። ሙቀቱን ለሁሉም እኩል ያደርጋሉ፤ ክብደታቸውንም ያሰሉበታል። ከዚያ ወላጆችን ከልጆች ያስተያያሉ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ መልሱ ነው። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ካደገ ልዩነታቸው ይሰፋል፤ ከዚያ ልዩነት ውስጥ የውርሱ ድርሻ ያንሳል። ጂናቸው ግን ያው ነው። እኛ «ዘሩ ነው» ስንል ይሄን አስበን አናውቅም፤ ለሰውም ጭምር።

ኢንዛይሙ መርዝ ይሰብራል እንጂ ክዳን አይከፍትም። ስለዚህ ትናንት ማታ ውሃውን ኒሟ ሥር ደፋነው። አሁን የበርሜሉን አፍ በጨርቅ ልናስር ነው። እናቴ ነጠላዬን ልቅደደው ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። አሮጌ መጋረጃ አለን።