ሙዚቀኛ የሚኖርባት ደሴ

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ የሆቴልና የምሽት ቤት ባለቤቶች፣ የኪነት ሰዎች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ለሙዚቀኛና ለሙዚቃ ወዳጅ ለመኖር የሚመቹ ከተሞች የትኞቹ ናቸው የሚል ነው። ይህ ሲነሳ ቪየና፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ናሽቪል መጠራታቸው አይቀርም። እኔም አንዳንዶቹን አነሳለሁ። የመጣሁት ግን ስለ ደሴ ልናገር ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሙዚቀኛ የምታፈራ ከተማ አለች፤ ሙዚቀኛ የሚኖርባት ከተማ አለች። ሁለቱ ይለያያሉ። በማፍራቱ ወሎን የሚያህል የለም። በማኖሩ ግን ወደኋላ ቀርተናል።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እንይ። የአገራችን ሙዚቃ አራት ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ባቲ ያቺው የሰኞ ገበያችን ናት፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝባት። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራችን ነው። አዲስ አበባ ናይት ክለብ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅም፣ ዋሽንግተን ሰርግ ላይ ሳክስፎን የሚነፋው ሰውም በየምሽቱ የሚሠራው በእነዚህ ነው።

ሀብቱ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ክራር የያዘ ሰው ያውቃል። ክራሩ በአምባሰል ተቃኝቷል እንበል። ወደ አንቺሆዬ መሄድ ፈለግህ። ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱን አትነካም። አራተኛዋን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አምስተኛዋን በግማሽ ድምፅ ከፍ ታደርጋለህ። አለቀ። ሁለት ክር ብቻ ነው የተነካው፤ የሰሚው ሆድ ግን ወዲያው ይለወጣል። ይህን በወረቀት ላይ ማስረዳት ቀላል ነው። ጆሮ የሚለየው ግን አጠገብህ ቁጭ ብሎ «አይ፣ ትንሽ ላላ አድርጋት» የሚልህ አዋቂ ሲኖር ነው። ያ አዋቂ ከከተማው ከወጣ ትምህርቱም አብሮት ይወጣል።

ሌላም አለን። ሰሚ አለን። መንዙማን ሙዚቃ ብሎ መጥራት የማይወዱ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። የማነሳው ስለ ጆሮ ነው። ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሄደ ሰው አይቶታል። አንዱ ያወጣል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በጭብጨባና በድቤ ይቀበላል። ማን ገባ፣ ማን ዘገየ፣ ሁሉም ያውቃል። ላሊበላም በገና «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ከላይ በድንጋዩ ዙሪያ ከታችም በግቢው የቆሙት ካህናት በዜማ ይቀባበላሉ፤ ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ በጉዞ ደክሞ እንኳ አይተኛም። ዋድላ ደግሞ በቅኔ ስሟ የተጠራ አገር ናት። እንዲህ ከልጅነቱ ሲቀበል ያደገ ሕዝብ የትም አገር በገንዘብ አይገዛም። በእኔ እምነት ትልቁ ሀብታችን ይህ ነው፤ ከቅኝቶቹም ይበልጣል።

በደርግ ዘመን የነበረውን የወሎ ላሊበላ ኪነት የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ማሪቱ ለገሰ የወጣችበት ቡድን ነው። የዘመኑ መፈክር ነበረበት፣ አልክድም። ግን ልጆች ተሰብስበው የሚለማመዱበት አዳራሽ ነበራቸው። መሣሪያ ነበራቸው። ታላቅ ነበራቸው። ድምፅ ያላት ልጅ ከገጠር ብትመጣ የምታንኳኳው በር ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋች ልጅ ሲገኝ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ «አዲስ አበባ ግባ!» እንለዋለን። ልጁም አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ ይገባል። አይፈረድበትም። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እዚያ ነው። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ሀገር ፍቅር ቴአትር እዚያ ነው። ብሔራዊ ቴአትር፣ ስቱዲዮው፣ ክለቡ፣ ሰርጉ እዚያ ነው። ግን ኪራዩ ይጨርሰዋል። ማታ ሠርቶ ያገኘው ለቤት አከራይ ይሄዳል። የሚሠራበት ቤት ራሱም ዋስትና የለውም። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች የስንቱ መነሻ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እነሱም አብረው ፈረሱ።

ስለዚህ ሌላ አገር ምን እንዳደረጉ ማወቅ ይጠቅመናል።

ቪየናን ቶሎ ልለፋት፤ የነገሥታት ገንዘብ የቆየበት ከተማ ስለሆነች ከእኛ ጋር አትወዳደርም። አንድ ነገሯን ግን እወዳለሁ። በትልቁ ኦፔራ ቤት ቆሞ ለሚያይ ሰው ርካሽ ቲኬት አለ። ተማሪውም ጡረተኛውም ይገባል። ሙዚቃ ወዳድ እንዲህ ነው የሚያድገው።

ሜልበርን የአውስትራሊያ ከተማ ናት። እዚያ አዳዲስ ፎቆች ከሙዚቃ ቤቶች አጠገብ ይሠሩና ገብተው የሚኖሩት ሰዎች «ጩኸት በዛብን» ብለው ይከሳሉ። ብዙ ቤት ተቸገረ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጣ። በ2014 ክፍለ ግዛቱ አንድ ደንብ አወጣ። ሙዚቃ ቤቱ ቀድሞ ከነበረ፣ የድምፅ መከላከያውን የሚሠራው በኋላ የመጣው ገንቢ ነው። ፍትሕ ይሏል ይኼ ነው! ደሴም ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው። ክርክሩ ደጃችን ሳይደርስ ቢታሰብበት ደስ ይለኛል።

አሁን ኒው ኦርሊንስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሜሪካ ከተማ ናት፤ ጃዝ የተወለደባት፣ ታላቁ ጥሩምባ ነፊ ሉዊ አርምስትሮንግም እ.ኤ.አ. በ1901 የተወለደባት። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል መጣ። ከተማው በውሃ ተዋጠ፤ ሙዚቀኞቹ በየግዛቱ ተበተኑ። ቤት የላቸውም፤ ብዙዎቹም ከዚያ በፊትም ተከራዮች ነበሩ። የዚያው ከተማ ልጆች የሆኑት ሙዚቀኞቹ ሃሪ ኮኒክ ጁኒየርና ብራንፎርድ ማርሳሊስ፣ ሀቢታት ከተባለው ቤት ሠሪ ድርጅት ጋር ሆነው፣ አንድ መንደር አሠሩ። 72 ቤት። ስሙም የሙዚቀኞች መንደር። ቤቱ በነፃ አልታደለም። ሰውየው በጉልበቱ ሠርቶ ይሳተፋል፤ ዋጋውን ያለ ወለድ በረጅም ጊዜ ይከፍላል። መሃሉ ላይ ደግሞ በ2011 የሙዚቃ ማዕከል ተከፈተ። የሰፈሩ ሕፃናት ከትምህርት በኋላ እዚያ መሣሪያ ይማራሉ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግርም። ኖራችሁበታል። ሱቁ፣ ሆስፒታሉ፣ ፋብሪካው እንዲጠገን ስንጮህ ከረምን፤ ልክ ነበርን። ሙዚቀኛው ግን መሣሪያው ቢጠፋበት፣ መድረኩ ቢዘጋበት ማን ጠየቀው? የኒው ኦርሊንስ ሰዎች ከተማቸውን ሲጠግኑ ጥሩምባ ነፊውንም ከሚጠገነው ቆጠሩት።

ኦስቲንም አለች፣ ቴክሳስ ውስጥ። በየቀኑ መድረክ አያጡባትም። እኔን የገረመኝ ግን መድረኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የከተማው ሙዚቀኞች ሕክምና እንዲያገኙ የሚያግዝ ድርጅት አላቸው። እኛ ዘንድ አንጋፋ ድምፃዊ ሲታመም በቴሌቪዥን መዋጮ እንጠይቃለን። ያሳፍራል። ዕድር የምናውቅ ሕዝብ ነን እኮ! የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። የደሴ ሙዚቀኞች ዕድር መሥርተው፣ የመድን መዋጮውን ለማይችለው ዕድሩ ቢከፍልለት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ደግሞ ሀብታም መሆን ግዴታ እንዳይመስላችሁ። የኮንጎዋን ዋና ከተማ ኪንሻሳን ተመልከቱ። መብራትና ውሃ ላይ ከእኛ የባሰ ችግር ያለበት ሰፈር ሞልቷታል። ግን ማቶንጌ የተባለው ሰፈሯ ብትሄዱ የኮንጎ ሩምባ ሙዚቃ አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ከሙዚቃ ከተሞች መዝገብ አስገብቷታል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ፤ የሆቴልና የምሽት ቤት ባለቤቶች። በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ስጡን። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ አንድ ድምፃዊ። ኢኮ የሌለው፣ ከተቻለም ማይክ የሌለው። የማሲንቆ ጭራው በእጣን ታሽቶ ክሩን ሲነካ ያ ሸካራ ድምፅ አለ አይደል? በትልቅ ስፒከር ውስጥ ሲያልፍ ይጠፋል። ሰዉ ወሬውን ቀነስ አድርጎ ይስማው።

ክፍያውም ይታወቅ። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ባህላችን ነው፤ ይቀጥል። ግን ደሞዝ አይደለም። እንግዳ በማይኖርበት በጾም ሰሞን አዝማሪው ባዶ እጁን ይገባል። ቀድሞ የተስማሙበት የምሽት ሒሳብ ይኑር፤ ሽልማቱ ምርቃት ይሁን።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ክራር ይዞ ሲገባ አትደንግጡ። የት እንደሚለማመድ ጠይቁት። መልስ ካጣ ጥፋቱ የእኛ የታላቆቹ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል አላቸው። በየሰፈሩ ደግሞ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ አዋቂዎች አሉ። ሁለቱን ማገናኘት ብዙ በጀት አይጠይቅም። ለመምህሩ የትራንስፖርትና የቀን አበል፣ ለተማሪው ጥቂት ክራርና ማሲንቆ፤ በዚህ ይጀመራል።

ለከተማው አስተዳደር ሰዎች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በእጃችሁ ካሉት አዳራሾች አንዱ በሳምንት ሦስት ማታ ለልምምድ ይከፈት። ኪራይ አይጠየቅበት። ቁልፉም የሚያዘው ማታ በሚገኝ ሰው ይሁን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ጋ ከሆነ ምንም አልተከፈተም።

በር ላይ ሁለት መዝገብ ተቀምጧል። አንዱ ምሽት ለመስጠት ፈቃደኛ ለሆኑ ቤቶች ነው፤ ሌላው ለማስተማር ለሚችሉ። ስትወጡ ስምና ስልካችሁን አስፍሩ። በሚቀጥለው ሳምንት እየደወልን ቀን እንቆርጣለን።

አመሰግናለሁ።